እጅ አውጪዎች

የምክር ቤቱ ስብሰባ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ በስክሪኑ ጥግ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ የምትቆመው ሴት እሷ ነበረች። ጥቁር ሸሚዝ ለብሳ፣ ጥፍሯን አሳጥራ፣ ቀለበቷን አውልቃ፣ እንደራሴዎቹ የሚሉትን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች መስማት ለተሳናቸው በምልክት ቋንቋ ታስተረጉማለች። ከወገቧ በላይ ያለው ሁሉ የሥራው ነው። ከወገቧ በታች ግን ካሜራው ስለማያየው እግሮቿ አያርፉም፤ አንዱን ጫማ በሌላው ትረግጣለች፣ ተረከዟን ታነሳለች፣ ትጥላለች። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለሚቀርቧቸው ሁሉ የምልክት ስም ያወጣሉ። ለእሷ ያወጡላት ሁለት ጣቶችን በክንድ ላይ እያንቀጠቀጡ የሚያሳዩት ነው፤ በአፍ እናውጣው ካልን "ቁንጥንጥ" ማለት ነው።

ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። እህትየው ገና ልጅ ሳለች ኃይለኛ ትኩሳት ይዟት፣ ሲለቃት መስማቷን ይዞባት ሄደ። ቁንጥንጥ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ስለሆነ አፏን ከመፍታቷ በፊት እጇን ነው የፈታችው። እስካሁንም እህቷን "እትዬ" ብላ በድምፅ ትጠራታለች፤ እንደማትሰማት እያወቀች። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ከገበያው ጀርባ ባለ አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ እንደሷ መስማት ከተሳናቸው ሁለት ሴቶች ጋር የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ትሰፋለች።

አንድ ቀን የሥርጭት ኃላፊው ቁንጥንጥን ቢሮው አስጠራት። የመሰላት የጫማዋ ጉዳይ ነው፤ የድምፅ ባለሙያው የሚንኳኳ ነገር እየገባብኝ ነው ብሎ ሲያማርር ሰምታለች። ቀይሬዋለሁ ልትል ተዘጋጅታ ገባች። ኃላፊው ግን በሩን ዘጋና ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። ስክሪኑ ላይ ራሷ ቆማለች፤ ቀኝ እጇ ወደ ላይ ወጥቷል፣ አንገቷ ወደ ትከሻዋ ዘንበል ብሏል፣ ዓይኖቿ ተከድነዋል።

"ይኼ ምንድን ነው?" አላት።

"እንደራሴ የሚለው ቃል ነው።"

"እኔ የሚታየኝ ተኝቶ እጁን ያወጣ ሰው ነው።"

ስክሪኑን ደግማ አየችው። ምን ትበል? ተኝቶ እጁን ያወጣ ሰው ነዋ።

ኃላፊው ነገሩ እንዴት እንደተሰማ ነገራት። የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ፣ በዕድሜም በወንበርም አንጋፋ የሆኑት እንደራሴ፣ መስማት የተሳናት የልጅ ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታ የምልክት ቋንቋ መማር ጀምራለች። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑን እያየች ወደ አያቷ ዞረችና አንገቷን ዘንበል፣ ዓይኗን ጨፈን፣ እጇን ወደ ላይ አደረገች፤ ከዚያ በጣቷ ጠቆመቻቸው። አያትየው አልገባቸውም። አስተማሪዋን ሲጠይቁ አስተማሪዋ መሬት መሬት እያየች፣ "እርስዎም ከእነሱ አንዷ ነዎት ወይ ማለቷ ነው" አለቻቸው፤ የምልክቱንም ትርጉም ሳትወድ በግድ ነገረቻቸው። ሰብሳቢዋ ለኃላፊው ደውለው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር አለ ኃላፊው፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብቻ ነው የፈለጉት።

"እና ማነው ያወጣው?" ሲል ጠየቃት።

ቁንጥንጥ ቋንቋ ነው፣ ማን እንዳወጣው አይታወቅም አለች። ታውቅ ነበር። ቃሉን ያወጣችው እትዬ ናት።

ያን ጊዜ ቁንጥንጥ ገና ተማሪ ነበረች። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር፣ ለአባላቱ መንጃ ፈቃድ ይሰጠን ብሎ አመልክቶ ጉዳዩ ምክር ቤት ቀረበ። ሕጉ የመስማት ምርመራ ያላለፈ ሰው መሪ እንዳይዝ ይከለክላል። አባላቱ ውሳኔውን ሊያዩ የእንግዶች ሰገነት ላይ ወጡ፤ ቁንጥንጥን እንድታስተረጉም ይዘዋት ሄዱ። ገና እጇን ከማንሳቷ ግን ጥበቃው መጣና እዚህ እጅ ማወናጨፍ ክልክል ነው አላት። ማስተርጎሜ ነው ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች።

እንግዲህ የቀረላቸው ማየት ብቻ ነው። ያዩትም ይኼንን ነበር፦ ከታች በረድፍ የተቀመጡ ሰዎች፤ አንዱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው ወረቀት ላይ አበባ ይስላል፣ በስተግራ በኩል አንድ ደልደል ያለ ሰው አንገቱ ትከሻው ላይ ወድቆ እንቅልፉን ይለጥጣል። ድንገት ሁሉም እጃቸውን አወጡ። ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው ያ ሰውዬም ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን አወጣ። ከሰገነቱ ሰዎች ምን እንደተወሰነ የሰሙት ቁንጥንጥና ጥበቃው ብቻ ናቸው። ጥያቄው ውድቅ ሆኗል።

ደጅ ወጥተው ደረጃው ላይ ነገረቻቸው። እትዬ ትንሽ ቆመችና አንገቷን ዘንበል አደረገች፣ ዓይኗን ከደነች፣ እጇን ሰቀለች። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ደገመው፤ ሌሎቹም ይዘውት ወደየቤታቸው ሄዱ። እስከዚያ ድረስ ለሕግ አውጪ የሚሆን የረባ ምልክት አልነበራቸውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕግ አውጪ ማለት እጅ አውጪ ሆነ። ኋላ የመጡት ልጆች ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቁም። ለእነሱ እንደ "ወንበር" ወይም እንደ "ዝናብ" ያለ ተራ ቃል ነው።

ኃላፊው ሁለት ባለሙያዎች ጠርቶ አዲስ ምልክት አሠራ። ሰዎቹ ቃሉን ሁለት ቦታ ከፈሉት፤ "እንደ" እና "ራሴ"። ራስ ደግሞ ጭንቅላት ነው ብለው መዳፍን ግንባር ላይ መጫን ይሁን አሉ። ቁንጥንጥ ይኼ እኮ በምልክት ቋንቋ ራስ ምታት ማለት ነው ብትላቸው፣ ተመልካቹ ከንግግሩ መንፈስ ይረዳዋል አሏት። በማግሥቱ ሳጥኗ ውስጥ ቆማ አደረገችው። ምክር ቤቱ ስለ መንገድ ጥገና ሲከራከር ዋለ፤ እሷም መዳፏን ግንባሯ ላይ ስትጭን ዋለች። ስትወጣ ስልኳ በጽሑፍ መልእክት ተጥለቅልቋል። አንዷ ምን በልተው ነው ሁሉንም የፈለጣቸው ትላለች። ሌላው ራስ ምታቶቹ ድልድዩን አጸደቁት ወይስ አላጸደቁትም ብሎ ይጠይቃል። ከእትዬ ግን ምንም የለም።

የእትዬ ዝምታ ስላስፈራት በቀጥታ ወደ ልብስ ስፌቱ ሄደች። በሩ አጠገብ ያለውን መብራት ማጥፋት ማብራት የዚያ ቤት በር ማንኳኳት ነው። አጠፋች፣ አበራች። ሁለቱ ሴቶች ቀና ሲሉ እትዬ አልዞረችም። ግራ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የማሽኑን ንዝረት እያዳመጠች ትሰፋለች። ኮሌታውን ጨርሳ ክሩን ከበጠሰች በኋላ ነው የዞረችው። እሳት ጎርሳለች።

"እጅሽን ማነው የሚያዝዘው?" አለቻት በእጇ።

ቁንጥንጥ አለቃዬ ነው አለች። እንጀራዬ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ቆሜ ከአለቃዬ ጋር ልጣላ እንዴ አለች።

"ያን ጊዜም ጥበቃው አዘዘሽ" አለች እትዬ፤ ይኼን ብላ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ምልክት ለሚናገር ሰው ጀርባ መስጠት በር ከመዝጋት ይብሳል።

ቁንጥንጥን ያን ሰሞን አላስቀምጥ አላስቆም አላት። ቤቷን ጠርጋ ሳትጨርስ መጥረጊያውን ጥላ ልብስ ማጠፍ ትጀምራለች፤ ልብሱን ትታ መስኮት ትከፍታለች። አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች የሚያወሩትን ጣቶቿ በቦርሳዋ ሥር እየተከተሉ ያስተረጉማሉ። ሥራ ላይ "እንደራሴ" የሚለው ቃል ሊመጣ ሲል ከሥር እግሮቿ ይፈጥናሉ። መዳፏ ግንባሯ አጠገብ ሲደርስ እየከበዳት፣ አንዳንዴ ቃሉን ዘልላ "ሰዎቹ" እያለች ማለፍ ጀመረች። ቢጨንቃት ሰብሳቢዋ ቢሮ ሄዳ እውነቱን ተናገረች፤ ቃሉን ያወጣችው እህቴ ናት አለቻቸው። ሰብሳቢዋ እህትሽን አምጭልኝ አሉ።

እትዬ አልሄድም ብላ ነበር። ቁንጥንጥ፣ ሴትየዋ እኮ ሕጎች በመጀመሪያ የሚያልፉበትን ኮሚቴ ነው የሚመሩት ስትላት ግን ዓይኗ ተለወጠ። ጣቃ ጨርቅ ፊቷ ተዘርግቶ ስንት ልብስ እንደሚወጣው ስታስብ እንዲህ ነው የምታየው።

የኮሚቴው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃና ወፍራም መጋረጃ ነበረው። እትዬ ከመቀመጧ በፊት የመጋረጃውን ጠርዝ ገልብጣ ስፌቱን አየች። ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ወቀሳ አላነሱም። ስለ ቃሉ ነው የተናገሩት።

ድሮ ንጉሥ በሌለበት የሚሠራለትን ሰው ሲሾም "እንደ ራሴ እዩት" ይል ነበር ይባላል አሉ። ያ ሰው ሲናገር ንጉሡ እንደተናገረ ነው፤ ሲፈርድ ንጉሡ እንደፈረደ። ከዚያ ንጉሡ ሄደ፣ ቃሉ ቀረ። ዛሬ "እንደ ራሴ" ብሎ የሚልከው ሕዝቡ ነው። እኔ ይኼን ስም የተሸከምኩት እንደ ማዕረግ አይደለም፤ የሰው አደራ ነው፤ ለዚህ ነው የልጅ ልጄ እንደዚያ ብላ ስትጠቁመኝ የከፋኝ አሉ።

ቁንጥንጥ ማስተርጎሙ ከበዳት። በአፍ "ራሴ" ሲባል ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። በእጅ ሲሆን ግን "ራሴ" የሚል ሰው ደረቱን መጠቆም አለበት፤ የማንን ደረት? ንጉሡ ሲናገር ጣቷ ደረቷ ላይ አረፈ፣ ሕዝቡ ሲናገር ደረቷ ላይ፣ ሰብሳቢዋ "እኔ" ሲሉም እዚያው። እትዬ ግራ ገብቷት እጇን አነሳች።

"የማን ራስ ነው?" ቁንጥንጥ በድምፅ አወጣችው።

"ያንቺ ነው እንጂ" አሉ ሰብሳቢዋ። "እኔ እንደ አንቺ ነኝ ማለት ነው።"

እትዬ ይኼን ስታይ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። እጆቿ ፈጠን አሉ፤ ቁንጥንጥም ተከተለቻት። "እንደ እኔ ከሆኑ እርስዎ ይነዳሉ፣ እኔ ለምን አልነዳም? የሰፋሁትን ልብስ ሰው ለምኜ ነው የማስጭነው። የመንጃ ፈቃዱን ነገር እንደገና ያቅርቡልን። እኛ ሰገነቱ ላይ ሆነን እናያለን፣ እህቴ ታስተረጉምልናለች። ዓይናቸውን ገልጠው እጃቸውን ሲያወጡ ካየን ምልክቱን እንቀይራለን።"

"እህቴ" ያለው የራሷ አፍ ነው፤ የተባለችውም ራሷ ናት። ቁንጥንጥ ሁልጊዜ እንደዚህ ናት፤ ቀኑን ሙሉ "እኔ" ስትል ትውልና አንዱም "እኔ" የሷ አይደለም።

ሰብሳቢዋ የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "የሌሎቹን እጅ ቃል አልገባም" አሉ። "የራሴን እጅ ግን እገባለሁ።"

ሲወጡ ቁንጥንጥ ማኅበሩን አማክረሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። እትዬ ደስ ይላቸዋል እንጂ ምን ይላሉ ብላ በእጇ አየሩን ጠረገችው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጉዳዩ ይቀርባል ይባላል፣ ይተላለፋል። ሰብሳቢዋ ደጋግመው በር ሳያንኳኩ አልቀሩም፤ ሌላው ቀርቶ ቁንጥንጥ ሰገነቱ ላይ ቆማ እንድታስተረጉም የጽሑፍ ፈቃድ አወጡላት። የሥርጭት ኃላፊው ግን ሲሰማ ፊቱን አጠቆረ። የዚያን ቀን ቦታሽ ሳጥኑ ነው አላት፤ ሰገነት ከወጣሽ ሳጥኑን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ቁንጥንጥ እሺም እምቢም አላለችም። ቀኑ ሲደርስ ጥቁር ሸሚዟን ለብሳ እስከ ስቱዲዮው በር ሄደች፣ እጀታውን ያዘች፣ ለቀቀች፤ ከዚያ ደረጃውን ወደ ሰገነቱ ወጣች።

የማኅበሩ ሰዎች ሁለት ረድፍ ሞልተው ተቀምጠዋል። ቁንጥንጥ ጀርባዋን ለአዳራሹ ሰጥታ ከፊታቸው ቆመች። ሰብሳቢዋ የውሳኔ ሐሳቡን አቀረቡ፣ ክርክሩ ተጀመረ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደህና ሄደ። ከዚያ አንድ ወጣት እንደራሴ ተነስቶ፣ እኔ ለእነሱ ከማዘን ነው የምናገረው አለ፤ አምቡላንስ ከኋላ ሲመጣ እንዴት ይሰማሉ? ሕፃን ቢጮህ? እነሱ ራሳቸው በዚህ ላይ ምን እንደሚሉ የጠየቃቸው አለ ወይ?

እትዬ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "እኔን ጠይቁኝ" አለች በእጇ።

ቁንጥንጥ ደነዘዘች። የሥራዋ ሕግ ግልጽ ነው፤ በእጅ የተባለ በድምፅ ይወጣል። የቤቱም ሕግ ግልጽ ነው፤ ከሰገነት ድምፅ አይሰማም። ከጥበቃዎቹ አንዱ ወደነሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር በጎን አየችው። እትዬ ደግሞ ዓይኗን ከሷ ላይ አልነቀለችም።

"እኔን ጠይቁኝ" አለች ቁንጥንጥ ወደ አዳራሹ ዞራ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጎልቶ ወጣ።

አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን መቱ። ሰገነቱ ጸጥ ይበል አሉ። እትዬ መዶሻውን አልሰማችም፣ ብትሰማውም የምታቆም አይመስልም። ጥበቃዎቹ ክንዷን ይዘው ሲያወጧት በነጻው እጇ ቀጠለች፤ ቁንጥንጥም ወደ ኋላዋ እየተራመደች፣ በር እስኪዘጋባቸው ድረስ ቃል በቃል አወጣችው፦ "እናንተ መስኮት ዘግታችሁ ሬዲዮ ከፍታችሁ ትነዳላችሁ፤ አምቡላንሱን በምን ትሰሙታላችሁ? እኔ በየመስታወቱ ነው የማየው። ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ የሚመጣውን በዓይኔ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።"

የቀሩትም ተከትለዋቸው ወጡ። ደጅ ሲሆኑ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ከመንገዱ ማዶ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ ተያይዘው ገቡ። ባለቤቱ ስልክ እያነጋገረ ስለነበር ድምፁን አጥፍቶታል። በሳጥኗ ውስጥ አንድ የማያውቁት ወጣት ቆሞ መዳፉን ግንባሩ ላይ ይጭናል። ማንም አልሳቀም። ስክሪኑ ላይ እጆች ወጡ፣ ወረዱ፤ ደግሞ ሌሎች እጆች ወጡ። የትኞቹ ለድጋፍ፣ የትኞቹ ለተቃውሞ እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ቁንጥንጥም እንደነሱ አንገቷን አስግጋ እጆችን ታያለች። እትዬ ጎተተቻት።

"ምን ትጠብቂያለሽ? አንቺ እኮ ትሰሚያለሽ!"

ረስታው ነበር። ባለቤቱን ድምፁን ክፈትልን ብላ ለመነችው። አፈ ጉባኤው በጥቂት ድምፅ ብልጫ ጸድቋል ሲሉ ደረሰች፤ መኪናው ሰፋፊ መስታወት እንዲኖረውና ከኋላው መለያ እንዲለጠፍበት የሚል ግዴታ አለው። ወደ ሰዎቹ ዞራ ስትነግራቸው ፎቶ ኮፒ ቤቷ በሚውለበለብ እጅ ተሞላች። ባለቤቱ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ይመለከታቸዋል።

ቁንጥንጥ በዚያው ቀን ከሥራዋ ተሰናበተች። ኃላፊው ራሱ አልነገራትም፤ የመግቢያ ካርዷ በሩን አልከፍት አላት።

ማኅበሩ በሳምንቱ መጨረሻ ተሰበሰበ። እትዬ ለሁሉም እንድትታይ ወንበር ላይ ወጣች። ሕጉን እንዴት እንዳገኙት አወራች፣ ተጨበጨበላት፤ እጆች በአየር ላይ ተንቀጠቀጡ። ከዚያ እንግዲህ ተራው የኛ ነው አለች። ለሰብሳቢዋ ቃል ገብቻለሁ፣ ምልክቱን እንለውጥ።

እጆቹ ሁሉ ወረዱ። መጀመሪያ የተነሳችው አንዲት ወጣት ናት። እኔ ይኼን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው፣ ስድብ ነው ብዬም አላውቅም፣ አሁን ከአፌ ልትወስጅው ነው ወይ አለች፤ "ከአፌ" ስትል እጇን ነው ያሳየችው። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ተነሳ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ሲሆን ያን ጊዜም ደረጃው ላይ ነበር፤ በመጀመሪያ የሳቀውም እሱ ነው።

"ማን ላከሽ?" አላት። "መንጃ ፈቃዱን ደስ ብሎን ተቀብለናል። ቃላችንን ግን ሽጭልን ያለሽ የለም። ሳትጠይቂን ነው እጅሽን ያወጣሽው።" ይኼን ብሎ አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ወደ እትዬ አቅጣጫ ሰቀለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ቁንጥንጥ የእህቷ ፊት እንደዚያ ሲሆን አይታ አታውቅም፤ ደም የሚባል ጠፋበት። ስትወርድ ሚዛኗን ልትስት ደርሳ ቁንጥንጥ ያዘቻት፤ እጇን አስለቅቃ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ መቁነጥነጡ ወደ እትዬ ዞረ። ኪስ ገልብጣ ትሰፋና ትፈታለች፣ እንደገና ገልብጣ ትሰፋለች። ሁለቱ ሴቶች ምሳ ሲሉ አይርበኝም ትላለች። የማሽከርከር ፈተናውን ወደቀች፤ የወደቀችውም በመስማት አይደለም፣ በችኮላ ነው። ሁለተኛ ተፈትና አለፈች። ፈቃዱን በእጇ ስትይዝ እንኳ ያ ሁሉ ሰው የጠበቀው ደስታ ፊቷ ላይ አልታየም። አንድ አሮጌ የጭነት ሚኒባስ ተከራይታ የጨረሰችውን ልብስ ለየትምህርት ቤቱ አደረሰች፤ ሲመሽ ቁንጥንጥ ቤት ደጃፍ ቆመችና ግቢ አለቻት። ሰብሳቢዋ ቤት ምሪኝ፣ የሰገነቱን ፈቃድ ልትቀበይ ሄደሽ አድራሻውን ታውቂዋለሽ።

ሰብሳቢዋ ራሳቸው ናቸው በር የከፈቱት፤ የቤት ጫማ አድርገዋል። ሳሎኑ ውስጥ የልጅ ልጃቸው ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ትስላለች። እንግዶቹ በእጃቸው ሲነጋገሩ ስታይ እርሳሷን ጣለችና አፍጥጣ ተቀመጠች። እትዬ ሻይ ይቅረብ ሲባል በእጇ ከለከለች፤ የመጣችበትን ቶሎ ተናግራ መገላገል ፈልጋለች።

"የእኔ ያልሆነ ነገር ቃል ገባሁልዎ" አለች፤ ቁንጥንጥ አወጣችው። "ሰዎቼ እምቢ አሉ። ማን ላከሽ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ምልክቱ አይለወጥም።"

ሰብሳቢዋ አንቺስ ምን አልሻቸው ብለው ጠየቁ። እትዬ ምንም አላልኳቸውም፣ ጥያቸው ወጣሁ አለች።

"እኔም ስንት ጊዜ አምሮኝ ያውቃል" አሉ ሰብሳቢዋ። "እኔ ግን የሚወስደኝ እግር አጣሁ።" በመዳፋቸው ፊት ለፊታቸው ያለውን የጠረጴዛ ልብስ ዳበሱት። ልብሱ ምንም አልተጨማደደም።

እትዬ መዳፋቸውን ተከትላ አየች። ወደ ልጅቷ ዞራ አያትሽን በስም የምትጠሪያቸው እንዴት ነው አለቻት። ልጅቷ "አያቴ" አለች፤ ሌላ ስም አላወጣችላቸውም። እትዬ ያኔ የግራ እጇን ጀርባ በቀኝ መዳፏ ቀስ ብላ፣ ጨርቅ እንደሚያስተካክል ሰው ዳበሰችው። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።

"ይኼ የእርስዎ ስም ነው" አለች። "ለሁላችሁ የሚሆነውን ልሰጥ አልችልም። ለእርስዎ ብቻ የሚሆነውን ግን የማንንም ፈቃድ አልጠይቅበትም፤ ካልፈለጉት ይተዉት።"

ልጅቷ ወዲያው ደገመችው፣ ወደ አያቷ እየጠቆመች። ሰብሳቢዋ በደነደኑ ጣቶቻቸው ሞከሩት፤ አልሆነላቸውም፤ ልጅቷ ተነስታ መዳፋቸውን ይዛ አስተካከለችላቸው። ዓይናቸው እርጥብ ሆነና ወደ መስኮቱ ዞር አሉ።

"ያኛውስ?" አሉ በኋላ። "የእንቅልፋሞቹ?"

እትዬ እሱ ይቆያል አለች።

"ይቆይ" አሉ ሰብሳቢዋ። "ወንበሩ እኮ ምቹ ነው።"

ሲወጡ ጨለምለም ብሎ ነበር። መንገዱ ተጨናንቋል። ቁንጥንጥ ቀበቶዋን አስራ፣ በሁለት እጇ መቀመጫውን ይዛ፣ ባልተሰጣት ፍሬን ላይ እግሯን ታስጨንቃለች። የሥርጭት ኃላፊው ከትናንት ጀምሮ እየደወለ ነው። ተመልካቹ ራስ ምታቱን አልቀበል ብሎ፣ አዲሱ ወጣት ቃሉን ፊደል በፊደል በጣቱ መጻፍ ጀምሯል አሉ፤ እስኪጨርሰው ተናጋሪው ሌላ ጉዳይ ውስጥ ይገባል። ቁንጥንጥ ስልኩን አላነሳችም። ብትመለስ የትኛውን ምልክት እንደምታሳይ ታውቃለች፤ እሱ ያንን ይቀበል አይቀበል ግን አታውቅም፤ ደግሞም ሳጥኑ ውስጥ መቆም ያምራት አያምራት ገና አልለየላትም።

እትዬ ቀኝ እጇን ከመሪው አንስታ ነገ ምን ልትሠሪ ነው ብላ ጠየቀቻት።

"መሪውን ያዢ!" አለች ቁንጥንጥ፣ በድምፅም በእጅም።

እትዬ ሳቀች። ብዙ ቀን ሆኗት ነበር ሳትስቅ። ቀይ መብራት ይዟቸው ቆሙ፤ አረንጓዴ ሲሆን ከኋላ አንዱ ትዕግሥት አጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። ቁንጥንጥ ደንግጣ ልትነግራት እጇን ስታነሳ፣ እትዬ በመስታወቱ አይታው ኖሮ መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል።